ጋራው ፎቅ የወጣ ዕለት

የአባቴ ልብ ያበጠው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ እኔ የማውቀው ልቡ ያበጠ ሰው፣ ሰላምታ የሚነፍግ፣ ሰው የሚንቅ፣ ሲጠሩት ዞር ብሎ የማያይ ሰው ነው። ስለዚህ አባቴ መታመሙን ሳላውቅ፣ ኮርቷል ብዬ ሳዝንበት ነው የከረምኩት።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሱቁ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር በመንገዱ በኩል ሲሆን፣ እኛ የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሱቅ ይባል እንጂ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠርዙ የተላጠ መስታወትና ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት አንድ አግዳሚ ብቻ ናት። የሳሙና አረፋና የአልኮል ሽታዋ ግን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ደንበኞቹ "ጋራው" ነው የሚሉት። ወፍራም ነበር ብል አይገልጸውም። በበሩ ሲገባ ሱቁ ይጨልማል። ነጩን ጋወን እናቴ ሁለት ጋወን ገጣጥማ ነው የሰፋችለት። ሆዱ ከእጁ ቀድሞ ደንበኛው ትከሻ ስለሚደርስ፣ ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ ነው የሚቆርጠው። እንዲያም ሆኖ እንደሱ ቀላል እጅ ያለው በሰፈሩ አልነበረም። ቶንዶስ ሲያዩ ቤቱን በጩኸት የሚያናውጡ ሕፃናት እሱ ጋ ሲመጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

"ጋራው፣ ለመሆኑ ምን እየበላህ ነው እንዲህ የሆንከው?" ይለዋል ከአግዳሚው አንዱ።

"የሚሰድቡኝን" ይላል አባቴ፣ መቀሱን ቀጭ ቀጭ እያደረገ።

ሱቁ በሳቅ ይሞላል። ሌላው ይቀጥላል፤ አባቴም ይመልሳል። "እኔ አልወፈርኩም፣ ወንበሩ ነው የቀጨጨው" ይላል። ከሁሉም ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። እኔ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ እንዲህ የሚወደድና የሚስቁለት አባት ያለው ማን ነው እያልኩ እኩራራለሁ። እነዚያን ቀልዶች ጠዋት ጠዋት፣ ከጫማው ጋር እየታገለ፣ አንድ በአንድ እንደሚያዘጋጃቸው እናቴ የነገረችኝ ካገባሁ በኋላ ነው። "ቀድሜ ካልሳቅኩ እነሱ ይቀድሙኛል" ይላት ነበር።

ሰው ሁሉ ሆዳም ይመስለው ነበር። ግን እኔ ገበታ ላይ አብሬው እቀርብ ስለነበር አውቃለሁ፤ ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ከእሱ እጥፍ በልቶ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አባቴ ደግሞ ውኃ ቢጠጣም የሚወፍር ይመስላል። የእነሱ እናት፣ አያቴም እንደዚያው ነበረች ይባላል። አሁን እኔም ሰፋ ብያለሁና የምታየኝ ሐኪም አንድ ቀን በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ክብደት የአፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ከዘር ይመጣል፣ ከእንቅልፍ እጦት ይመጣል፣ ከሐሳብም ይመጣል፤ አንዴ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሰውነት ራሱ አልለቅም ብሎ ይሟገታል አለችኝ። ይህን ለአባቴ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ፣ የደንበኛው ወንበር ላይ ተደላድሎ ያሸልባል። ማንኮራፋቱ ከመስታወቱ ሥር የተደረደሩትን ጠርሙሶች ያንቀጫቅጫል። ከዚያ በድንገት ጸጥ። ትንፋሽ የለም፤ ደረቱም አይነሳም፣ አይወርድም። ቆይቶ ቆይቶ፣ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ብቅ እንዳለ ሰው በረጅሙ ስቦ ይመለሳል። እኔ የሚያጫውተኝ ይመስለኝ ነበር። እሱ ጸጥ ሲል እኔም አፌንና አፍንጫዬን ይዤ ከእሱ ጋ እወዳደራለሁ። ሁልጊዜ የምሸነፈው እኔ ነኝ።

"አባዬ፣ አሁንም አሸነፍከኝ!"

ዓይኑ ቀልቶ፣ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ የት እንዳለ ግራ ገብቶት ያየኛል። "ምኑን?"

"ትንፋሽ መያዙን!"

አንገቱ ውስጥ የተጠራቀመው ስብ በእንቅልፉ የአየሩን መንገድ እየዘጋበት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲታነቅና ሲባንን ያድራል፤ ልቡም አብሮት ሲደነግጥ ያድራል። ሲነጋ ግን ሰው የሚያየው ማንቀላፋቱን ብቻ ነው፤ ሰነፍ ይለዋል።

አንድ ቀን ከጠዋቱ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ደንበኛው ጢሙን ሊላጭ መጣ። አባቴ ፊቱን በአረፋ ሸፍኖ ግማሹን እንደላጨ እጁ ቆመ። ቆሞ ነበር የተኛው። ምላጩ ተንሸራተተና በነጩ አረፋ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ወጣ።

"ሰውዬ! ልታርደኝ ነው እንዴ?" ብሎ ሰውየው ከወንበሩ ዘለለ።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ እጄ ነው..." አባቴ ፎጣ ይዞ ተከተለው፤ ሰውየው ግን የፊቱ ግማሽ ሳሙና እንደሆነ ወደ መንገዱ ወጣ። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየው። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። አባቴ ዞሮ ሲያየኝ እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው እየሳሳ ሄደ።

እናቴ ነች ሆስፒታል ካልሄድክ ብላ የያዘችው። ያኔ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ተቃርባ ስለነበር አብራው መሄድ አልቻለችም። ስለዚህ አባቴን ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ሐኪሙ ከአባቴ በብዙ የሚያንስ ወጣት ነው። ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ምንህን ነው?" አለው።

"ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ዶክተር። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ማታ ማታ ደግሞ ጋደም ስል..."

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየውና ብዕሩን አስቀመጠ። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ራስህን አታየውም? አፍህን ዝጋ። ላንተ ሌላ መድኃኒት የለም።"

"እሺ" አለ አባቴ።

ነርሷ ሚዛኑ ላይ እንዲወጣ ነገረችው። መርፌው አንዴ ሽው ብሎ ጫፍ ደረሰና ተቸንክሮ ቀረ። "ይሄማ አይችላቸውም" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ከኋላ የእህል መጋዘን አለ" አለ ሐኪሙ፣ ወደ ወረቀቱ ተመልሶ። "እዚያ ሂድና ተመዘን። ቁጥሩን ይዘህ ስትመጣ እናያለን።"

እኔ መጋዘን በመሄዳችን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ውስጡ ሰፊና ቀዝቃዛ ነው፤ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ጆንያው እስከ ጣራ ተከምሯል። ሚዛኑ መሬት ላይ የተነጠፈ፣ የበር መዝጊያ የሚያህል ብረት ነው።

"ጋሼ፣ ምን ልንመዝንልዎ?" አለ አንዱ ሠራተኛ።

"እኔን" አለ አባቴ።

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ከጆንያ ጀርባ ሲስቅ ሁሉም ተከተሉት። ሥራቸውን ጥለው ከበቡን። "በስንት ጆንያ ይወጣል?" ይላል አንዱ። "ቀስ በሉ፣ ሚዛኑን እንዳትሰብሩት!" ይላል ሌላው።

"አትፍሩ፣ ጆንያው ቀዳዳ ነው፣ ግማሹ መንገድ ላይ ፈስሷል" አለ አባቴ፤ ሳቁ ደመቀ። እኔም ጫማዬን አውልቄ አብሬው ወጣሁ። ቁጥሩን አንዱ በጩኸት ሲናገር አጨበጨብኩ። ለውድ ዕቃ፣ ለትልቅ ነገር በተሠራ ሚዛን ላይ የሚወጣ የሌላ ልጅ አባት አላውቅም ነበር።

ስንመለስ እየዘለልኩ ነው። እጄን ይዞኛል፤ መዳፉ ላብ በላብ ሆኗል። የሆስፒታሉ በር ስንደርስ ወደ ውስጥ በመታጠፍ ፈንታ ቀጥ ብሎ አለፈ።

"አባዬ፣ ሐኪሙ ይጠብቀናል እኮ!"

"ሰልፉ ረጅም ነው ዛሬ። ሌላ ቀን እንመጣለን።"

ዞር ብዬ አየሁ። በሩ ላይ ከዘበኛው በቀር ማንም አልነበረም። አባቶች ልጆች የማያዩት ሰልፍ ይታያቸዋል ማለት ነው ብዬ ተከተልኩት። አባቴ በእግሩ ወደዚያ በር ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

በማግስቱ ግን ምግብ ማቆም ጀመረ። ጠዋት ባዶ ሻይ፣ ቀን ምንም፣ ማታ የተቀቀለ ቅጠል። ፊቱ መጠጥ አለ፤ ጉንጩ ወረደ። "አየሽ፣ እየቀነስኩ ነው" ይላት ነበር እናቴን። እግሩ ግን ከቀን ወደ ቀን ያብጣል። ለእኔ ይሄም ጨዋታ ሆነልኝ። ሱቁ ውስጥ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ሲቀመጥ ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ተጭኜ እለቃለሁ፤ ጣቴ የገባበት ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ሳይሞላ ሌላ እቆፍራለሁ። ዓይንና አፍንጫ አድርጌ ሰው እሠራለሁ። "ሳቅ አድርጊለት" ይለኛል አባቴ፤ በጥፍሬ አፍ እስልለታለሁ። ሥጋ መስሎኝ ነበር። ውኃ ነበር፤ ልቡ መግፋት ሲያቅተው እግሩ ውስጥ የተኛ ውኃ።

ወንድሜ በተወለደ በጥቂት ሳምንት አባቴ ከቤት ወጣ። "ሕፃኑ አላስተኛኝ አለ፣ ሱቅ ነው የማድረው" አለ፤ ብርድ ልብሱን ተሸክሜ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ የደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ነው የሚያድረው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በመስታወቱ በር ሳየው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ፣ እጆቹን መደገፊያው ላይ ዘርግቶ፣ ዙፋን ላይ ያለ ንጉሥ ይመስላል። ጋደም ካለ የሚሰምጥ እንደሚመስለው፣ ሦስቱን ፎቅ መውጣትም ካቃተው መክረሙን እናቴ ብቻ ነበር የምታውቀው።

ምሳውን የማወርድለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ክዳኑን ከፍቼ ሾርባውን ቀመስኩት፤ ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። እኛ የበላነው ግን ጨው ነበረው። ጥሎን ስለሄደ እማዬ ተቀይማው ጨው ከልክላዋለች ብዬ ደመደምኩ። ልጅ ሆኜ ካሰብኩት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ጨው እንደሚያሳብጠው ጎረቤት ነግሯት፣ የእሱን ሾርባ ለብቻው በትንሽ ድስት ትሠራ ነበር፤ አራስ ጎኗን ይዛ።

እያደር አባቴ ሌላ ሰው ሆነብኝ። መንገደኛ "ጋራው፣ እንዴት ዋልክ?" ሲለው እጁን ትንሽ ከፍ ያደርጋል እንጂ አይመልስም። የሁለተኛ ፎቋ ጡረተኛ አስተማሪ፣ ሰፈሩ ሁሉ ብድግ የሚልላቸው ሴትዮ፣ ወደ ሱቁ ሲገቡ ከወንበሩ አልተነሳም። አጎቴ ቤት ጠርቶን አልሄደም። የጫማዬ ክር ሲፈታ ጎንበስ ብሎ አላሰረልኝም። አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ጫማ ሰፊ ደረጃው ላይ ለሚስቱ ሲያወራ ሰማሁት፦ "ይሄ ጋራው ዛሬ ዛሬ ልቡ አብጧል። ሰላም ብዬው ዝም ብሎኝ አለፈ!"

በዚያው ሰሞን አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከሌላ ሰፈር መጥታ አባቴን በግድ ታክሲ ውስጥ ከታ ራጅ ማንሻ ቤት ወሰደችው። ሲመለሱ እሱ ሱቁ ቀረ፤ እሷ ወደ እኛ ወጣች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ወንድሜን እያስተኛሁ ነበር።

"ልቡ አብጧል" አለቻት እናቴን። "በጣም አብጧል አሉኝ። ደረቱን ሞልቶታል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግባ አሉ። እሱ ግን እሺ፣ እሺ ይላል፣ ንቅንቅ አይልም።"

"እዚያ ሐኪም ፊት አልቆምም ነው የሚለው" አለች እናቴ። "ተማጠንኩት እኮ። እግሩ ሥር ወደቅኩ።"

ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ አለቀስኩ። ጫማ ሰፊው ብቻ ሲለው ሐሜት ይሆናል ብዬ ነበር። የገዛ እህቱ ካለች ግን አለቀ።

በሁለተኛው ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ሱቁ ገባሁ። ማንም የለም። እግሮቹን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ ልብህ አብጧል አሉ።"

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። "ማን ነገረሽ?"

"ሁሉም ያውቃል። ጫማ ሰፊውም ያውቃል። አክስቴ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ ልጄ።"

እንዲህ በቀላሉ ያምናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። "መቼ ነው ያበጠው?"

"እኔም አላወቅኩም። ቀስ በቀስ ነው መሰለኝ። ሰው ሲጀምረው አይታወቀውም።"

"ታዲያ ለምን አትተወውም?"

"በእጄ ቢሆን ዛሬውኑ በተውኩት።"

"በእጅህ ነው እንጂ!" አልኩት፤ እንባዬ መጣ። "ሰው ሰላም ሲልህ መልስ! አስተማሪዋ ሲገቡ ተነስ! ወደ ቤት ናና ከእኛ ጋ ብላ! የኮራ ሰው የናቃቸውን ሰዎች ይቅርታ ከጠየቀ ይለቀዋል።"

አባቴ ረጅም ጊዜ አየኝ። መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ዘግይቶ እንደገባው ቀልድ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እስኪያስለው ሳቀ፤ ሳሉ እስኪያቆም ቆየና ዓይኑን በፎጣ ጠረገ። አጠራረጉ ግን ረዘመ።

"ለካስ እንደዚያ ነው" አለ። "እሺ። ኮርቼ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"እኔን ብቻ አይደለም።"

"ሁሉንም እጠይቃለሁ።"

"መቼ?"

"እሁድ" አለኝ።

ያን ዕለት እናቴ የሾርባውን ሳህን ልትወስድ ስትወርድ ሁሉንም ነግሯታል። ለምን እውነቱን አልነገርካትም ብላ ተቆጣችው። "ኩራት ይድናል" አላት። "ይድን ይሆናል ብላ ትጠብቅ። የእኔን ምን ብዬ ልንገራት?" ይህን የሰማሁት ግን ብዙ ዘግይቼ፣ እናቴ ራሷ አርጅታ ነው።

እሁድ ጠዋት አባቴ ጢሙን ተላጨ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። እጄን ይዞ ከደረጃው ሥር ቆመና ወደ ላይ አየ። የደረጃውን መደገፊያ በአንድ እጁ ጨብጦ አንድ ደረጃ ወጣ። ቆመ። ሌላ ወጣ። ቆመ። ትንፋሹ ፉጨት አለው። እኔ አንድ ደረጃ ቀድሜ እየጎተትኩት ነው። እንዴት ከባድ ነው ይሄ ኩራት የሚባል ነገር እያልኩ።

አንደኛ ፎቅ ስንደርስ ጫማ ሰፊው ኮቴ ሰምቶ በሩን ከፈተ። አባቴን ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ወዳጄ" አለ አባቴ፣ በእያንዳንዱ ቃል መሃል አየር እየሳበ፣ "ያን ቀን... ሰላም ብለኸኝ... አልመለስኩልህም። ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት።"

ጫማ ሰፊው ወደ ውስጥ ሮጠ፤ የሚሠራበትን አጭር ወንበር ይዞ ወጣና አስቀመጠው። አባቴ ተቀመጠ፤ ወንበሯ ጠፋች። ማንም አልሳቀም። ጫማ ሰፊው አጠገቡ ቁጭ ብሎ እጁን ያዘውና "ምነው ሳትነግረኝ?" አለው በሹክሹክታ። "ምነው ወንድሜ፣ ምነው?" እኔ ታረቁ ብዬ በደስታ ደረጃው ላይ ዘለልኩ።

ሲነሳ ጫማ ሰፊው ከኋላ ሆኖ በመዳፎቹ ጀርባውን እየደገፈ ተከተለን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አስተማሪዋ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰላም አላቸው።

"እትዬ፣ ሲገቡ... ሳልነሳልዎ..."

"ዝም በል ልጄ፣ አትናገር" አሉት። የለበሱትን ሻል አውልቀው ግንባሩን ጠረጉለት። ፊቱን አተኩረው ካዩ በኋላ "ከንፈርህ እኮ..." ብለው ጀመሩ። አባቴ በዓይኑ እኔን አሳያቸው። ዓረፍተ ነገሩን ዋጡት። ውኃ አምጥተው በእጃቸው አጠጡት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው "አባትሽ የጨዋ ልጅ ነው" አሉኝ። እኔም "አውቃለሁ፣ አሁን ለቆታል" አልኳቸው።

የቀሩትን ደረጃዎች የወጣው ግማሹን በእጁ ነው። እናቴ ድምፅ ሰምታ በሩን ስትከፍት፣ ወንድሜን እንደታቀፈች "አብደሃል! አብደሃል!" ብላ ጮኸች።

አባቴ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ምሳ ደርሷል?" አላት።

ያን ቀን አራታችንም አንድ ገበታ ላይ ተቀመጥን። ሁለት ጉርሻ አልበላም፤ ግን ወንድሜን ጭኑ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያይ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቁ አልወረደም። ትራስ በትራስ ላይ ደርበንለት ነው የሚተኛው፤ ትራሱ ሲያንስ እናቴ ጀርባዋን ለጀርባው ሰጥታ ቁጭ ብላ ታድራለች። ጎረቤቶች ይመጣሉ፤ ይስቃሉ፤ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ግን ዝም ይላሉ። በእነዚያ ሳምንታት ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ልጅ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ስል አባቴ እናቴን በምልክት ጠራት፤ ድምፅ አልወጣውም። ጫማ ሰፊው፣ አጎቴና ከመንገድ የተጠሩ ሰዎች በብርድ ልብስ አድርገው አወረዱት። በየመታጠፊያው "ቀስ፣ ቀስ፣ እግሩን" ይባባላሉ። ሲያወርዱት ዓይኑ ይፈልገኝ ነበር፤ እጄን አውለበለብኩለት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከእናቴና ከአክስቴ ጋ ተቀመጥን። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ረዘመች። በመጨረሻ መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሐኪም ወጣ። ያኛው ወጣት አይደለም። አክስቴን ቀረብ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ያናግራት ጀመር፤ እሷ ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች። እኔ ከሐኪሙ አፍ የያዝኩት "ልባቸው በጣም አብጦ ስለነበር" የምትለዋን ብቻ ነው።

"ውሸት ነው!" ብዬ ብድግ አልኩ። "አባዬ ልቡ አላበጠም! ትቶታል! ጫማ ሰፊውን ይቅርታ ጠይቋል፣ ለአስተማሪዋ ተነስቷል!"

እናቴ ወደ እሷ ሳበችኝ። ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሰችም፤ አሁንም አላለቀሰችም።

"ልብ በሁለት ዓይነት ያብጣል፣ ልጄ" አለችኝ። "አንዱ አንቺ የምታውቂው ነው። አንዱ በሽታ ነው።"

"የአባዬ የትኛው ነበር?"

"በሽታው።"

"ድሮም?"

"ድሮም።"

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ከእኔ ፊት ቁጢጥ አለና "ለማን ነው የተነሳላቸው?" አለኝ።

"ለአስተማሪዋ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ።"

"በእግሩ?"

"በእግሩ። ትንሽ በእጁም።"

ቀና ብሎ እናቴን አየ፤ እሷም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችለት። ያን ያህል ባበጠ ልብ ሰው አንድ ቤት ከዳር እስከ ዳር መሻገር እንኳ እንደማይችል ያውቅ ነበር።

ሲነሳ ጉልበቱን ይዞ ነው የተነሳው። የእናቴን ትከሻ በጣቶቹ ጫፍ ነካ አደረገና፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ከልቡ ነው የተናገረው፦

"እንዲያው ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ..." አላት።

እናቴ ቀና ብላ አየችው።

"መጥቶ ነበር እኮ" አለችው። "እዚሁ። ገና ሲጀምረው መጥቶ ነበር።"